ቀድሞ ያመለከተ ታማኝ ነው

ይሄን የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ እርሳስ ጆሮ የለውም። ድምፅ አውጥቶ መቆጣት የተከለከለ እንዳይመስላችሁ። የሚከለክል ሕግ የለም፤ ነጥብ ይቀነሳል እንጂ። ባለፈው ሐምሌ ዳቦ ቤት ተሰልፌ አንዲት ሴት ከፊቴ ስትገባ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አይታይሽም?» በማለቴ ሁለት ነጥብ ሄዶብኛል። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዳቦዬን ይዤ ቤት ሳልደርስ «ዛሬ ትንሽ ተበሳጭተዋል። ውሃ ይጠጡ» የሚል መልእክት መጣልኝ። ተናድጄ ውሃ ጠጣሁ።

ስሜ ስንዱ ወንድይፍራው ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሳሪስ ውስጥ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ፤ መድኃኒት መጋዘን እሠራለሁ። የቤታችን ደረጃ ሦስት ነው። እፎይታ የሚባለው መድን ቤት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ይሰጣል፤ ነጥብ እየተቀነሰ ሲሄድ ደረጃው ይወርዳል፤ አንድ የጌቶች ነው፣ ዘጠኝን እግዜር አያሳያችሁ። መኪናውንም ቤቱንም ሕመሙንም በአንድ ውል ጠቅልሎ የያዘው እሱ ስለሆነ፣ ሰው የት እንደሚታከም፣ የት እንደሚወልድ፣ ስንት ወር እንደሚጠብቅ የሚወሰነው በዚያች ቁጥር ነው። ሦስት ነበርን ልል ነበር። አይደለም፤ ዛሬም ሦስት ነን። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት አሥራ አንድ ቀን 2071፣ እንደ ሌላው ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «እንደምን አደሩ፣ ስንዱ? ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለችኝ መኪናዋ። መልሱ በአራት ሰከንድ ውስጥ መሰጠት አለበት፤ መልሱም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ድምፅ ከተንቀጠቀጠ አትነሳም። ጎረቤቴ ፈለቀች ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን ከገጠር የመጡ ለቀስተኞቿን ልትሸኝ ገብታ፣ አልነሳም ብላት በእግሯ ነው አውቶብስ ተራ ድረስ የሸኘቻቸው። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። እናቴን በቀበርኩ ማግስት እንኳ ተነስታልኛለች።

መኪናዬ የእጅ ናት፤ መሪ አላት። ራሷን የምትነዳ ለምን አልያዝሽም የሚሉኝ አሉ። ነጂ አልባዎቹ አባቴን አይጭኑትም። በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ልቡን ያዳምጡና «ይቅርታ፣ ለዚህ ጉዞ ብቁ አይደሉም» ብለው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ቢሞትባቸው የእነሱም ደረጃ ይወርዳላ! ስለዚህ ወደ ሐኪም የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ሳሪስ አደባባይ ስደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ነበር። ነጂ አልባዎቹ በውስጠኛው መስመር ሳይነካኩ ይዞራሉ። የእጅ ነጂዎች በውጪው ነን። ከግራዬ አንድ አሮጌ ፒካፕ መጣ፤ መሪውን የያዘው ሠላሳ አምስት የሚሆነው ሰው ነው። ፍሬን ያዝኩና እጄን አውጥቼ እለፍ አልኩት። እሱም ፍሬን ያዘና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አንቺ እለፊ አለኝ። ኧረ እለፍ። ኧረ በማርያም አንቺ እለፊ። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለማመንን በኋላ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ «እሺ፣ ይሁን» ብለን ተነሳን። ጓ! አለ።

ነጂ አልባዎቹ ይሄ አይደርስባቸውም። ይሉኝታ የላቸውም።

«ደህና ነዎት?» አለች መኪናዬ። «ጉድጓድ ነው» አልኳት። የአዲስ አበባ ጉድጓድ ነውና አመነችኝ።

ወርጄ አየሁ። የግራ ፓራፋንጎዬ መዳፍ በሚያህል ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል። የሱ ፒካፕ ፊቱ ብረት ስለሆነ ከትንሽ ጭረት በቀር ምንም አልሆነም። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል አንድ ጃንጥላ የያዙ አዛውንት ከእግረኛ መንገዱ ላይ በእጃቸው ጠሩን። «ልጆች፣ ስልካችሁን እዚያው ተዉና ወደዚህ ኑ» አሉን። ስልካችንን ወንበር ላይ ትተን፣ የመኪኖቹን በር ዘግተን፣ ከባቡር ሐዲዱ ግንብ ሥር ተከተልናቸው። ዛሬ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው እንዲህ ነው።

«ማናችሁ ናችሁ ያጠፋችሁት?» አሉ አዛውንቱ።

«እኔ ነኝ፣ አባት» አለ ሰውየው።

«ኧረ የለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሁለታችሁም ናችሁ። መኪና ላይ ተቀምጦ ግብዣ ምን ይሉታል?» ብለው ሳቁ። «በሉ፣ ልታመለክቱ ነው ወይስ እንደ ሰው ልትታረቁ ነው?»

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየመብራት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል። ቀድሞ ያመለከተ ታማኝ ነው።» ግጭት በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ቀድሞ ያመለከተ ሰው ደረጃው አይነካም፤ የተቀደመው ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ማንም ሳያመለክት ጉዳቱ በኋላ ከተገኘ ሁለቱም ይወርዳሉ። ማን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባል ነበር። እፎይታ ግን ሳያመካኝ አይበላም፤ ምክንያቱንም የሚያስሞላው በገዛ ጎረቤትህ እጅ ነው። ይሄን ያወጣው ሰው የት እንደሚኖር ባውቅ በሩ ላይ ቆሜ ነጥቤ እስኪያልቅ እጮህበት ነበር።

ሰውየው ገመቹ እባላለሁ አለ። አቃቂ ነው የሚኖረው፤ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ ቆርቆሮ በመዶሻ እያቃና ይኖራል። ይሄ ሥራ ፈቃድ ካጣ ቆይቷል፤ ዛሬ የተጎዳ ነገር ይጣላል እንጂ አይቃናም።

«እህቴ፣ ሮብ ከሰዓት ቤትሽ መጥቼ በእጄ አቃናዋለሁ» አለኝ። «ዓርብ በራችሁ ሲቃኝሽ ዱካው አይገኝም። እኔ አላመለክትም።»

የግቢያችን በር ዓርብ ዓርብ መኪናውን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል። ይሄን ሳልነግረው አውቆታል፤ የሱም ሰፈር እንደዚያው ነው።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ» አልኩት። «አባቴ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን ልቡን ሊቀደድ ተራ ተይዞለታል። የሦስተኞች ተራ ነው። ከሦስት ከወረድን አሥራ ዘጠኝ ወር ጠብቁ ነው የሚሉን። ሐኪሙ ደግሞ ክረምቱን አይወጣም ብሎኛል።»

ገመቹ መሬት መሬት አየ። «የኔም ባለቤት ሰባት ወሯ ነው» አለ። «መንታ ነው ብለዋታል። አልጋ ላይ ናት፤ እንዳትነሳ ተብላለች። እኛ አራት ነን። ከአራት በታች ለሚወርድ የቀዶ ጥገና ማዋለጃ የለም።»

አዛውንቱ ጃንጥላቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉት።

«እንግዲህ ሁለታችሁም አንገታችሁ ላይ ገመድ አለ፤ ጫፉን አንዳችሁ ላንዳችሁ ሰጥታችኋል» አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ገመቹ። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ብረት ብረት ይሸታል። አድራሻዬን በቃል ነገርኩት፤ ስልክ አልተለዋወጥንም፤ የደወለ ሰው ተመዝግቦ ይቀራል። የአደባባዩ ካሜራ ከላይ ያየን ነበር። ካሜራ ካልተጠየቀ አያወራምና ግድ አልሰጠኝም።

ቤት ገብቼ የግቢውን ቧንቧ ከፈትኩና ልብስ እያጠብኩ ለአባቴ ነገርኩት። ውሃ ሲወርድ ስልክ በደንብ አይሰማም። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ መገናኛ ሃያ ሁለት ዓመት የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር፤ መኪኖቹ ሰው ይነዳቸው በነበረበት ጊዜ። ወንድይፍራው ባለበት ተራ የሚዘል አልነበረም ይሉታል የሚያውቁት። አንድ ጊዜ የአካባቢውን ሹም ልጅ ከታክሲ አውርዶ ከሰልፉ ጭራ አቁሞታል፤ ይቺን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

«ቃል ሰጠሽ?» አለኝ።

«ሰጠሁ።»

«አለቀ።» ትንፋሹ ስላጠረው ወንበሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። «ልጁስ ምን ይመስላል?»

«ደህና ሰው ይመስላል።»

«ከመሰለ ነው» አለኝ። እንዳመለክት ወይም እንዳላመለክት ቢወተውተኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ስልኬ ጮኸ። «ስንዱ፣ ሊነግሩን የሚፈልጉት ነገር አለ? እፎይታ ያዳምጣል።» ይሄንን መልእክት በየጊዜው ለሁሉም ሰው ይልካሉ ይባላል። ለማን ይልካሉ፣ መቼ ይልካሉ፣ የሚያውቅ የለም። ጓደኞቼን «ዛሬ ደርሷችኋል?» ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ መጠየቄ ራሱ መልስ ነው። የሚገርመው የዚህ ሁሉ ብልጠት ነው። ዝም ብሎ አንድ ጥያቄ ይልክና የቀረውን ሥራ ፍርሃትህ ይሠራለታል።

ከሥራ ስወጣ ፈለቀችን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጭበት ሰው ጥቂት ነው፤ ሊጣላና ሊመካከር የሚመጣው ይበዛል። ሞተሩ እየጮኸ ስልክ ምንም አይለይም። በአንዱ ጥግ ባልና ሚስት ይሰዳደባሉ፤ በር ላይ አንድ የባንክ ጠባቂ ብቻውን ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይጮኻል። ሁለት ኪሎ ሽምብራ ይዘን ወረፋ ያዝንና ፈለቀች ጆሮዬ ሥር ጮኸች።

«ምን አለሽ?»

«አላመለክትም አለኝ!»

«አንቺስ አመንሽው?»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለናል! ሽማግሌም አለ!»

«ሽማግሌው ማን ናቸው?»

«አላውቃቸውም!»

«ጉድ ፈላ! የማታውቂው ሰው፣ በማታውቂያቸው ሽማግሌ ፊት!» ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። «አንቺ ሴት፣ ሰው ማመን ቀብሮ ነው ሲባል አልሰማሽም? የእህቴን ባል ስምንት ያስገባው ማን ሆነና! አብሮ አደጉ ነው! ክርስትና ያነሳለት ሰው ነው!»

«ይሄ እንደዚያ አይደለም!»

«መንታ ያረገዘች ሚስት አለችው አላልሽኝም? እስቲ በሱ ቦታ ሁኚ! ለማታውቂያት ሴት አባት ብለሽ ልጆችሽን ትሰጫለሽ?»

ሽምብራው ደርሶን ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሽንኩርት አወራን።

ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ከሰዓት ብሏል፤ ስምንት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሆነ። ፓራፋንጎው ላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት። አሥራ አንድ ሲሆን አባቴ በመስኮት «ይመጣል» አለኝ። አሥራ ሁለት ሲሆን ምንም አላለኝም።

አልመጣም። እዚያ ቆሜ ገመቹን እንዴት እንደጠላሁት ልነግራችሁ አልችልም። አንገቱን ሰበር ማድረጉን ጠላሁት፤ «እህቴ» ማለቱን ጠላሁት። ይሄኔ አመልክቶ፣ ደረጃው ተጠብቆለት፣ ሚስቱ ጎን ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል አልኩ። ልጆቹን ቆጠርኳቸው፤ ሁለት ናቸው፣ ገና ይወለዳሉ። የኔ አባት አንድ ነው፤ ሌላ አይወለድልኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሦስቱ ቀን ሊሞላ ሠላሳ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አመለከትኩ።

ገጹ ጥሩ ሆኖ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ትሁት ነገር አይቼ አላውቅም። የተጎዳውን ቦታ ፎቶ ጠየቀኝ፤ ወጥቼ አንስቼ ሰጠሁት። ቀኑንና ቦታውን ጠየቀኝ። ከዚያ አንድ ምስል አወጣ፤ እኔና ገመቹ በግንቡ ሥር ተቃቅፈን ቆመናል፤ አዛውንቱ ጃንጥላቸውን ሲያነሱ በከፊል ይታያሉ። «ከሌላው ወገን ጋር የተቃቀፉበትን ምክንያት ይምረጡ» ይላል። ሦስት ምርጫ አለው። ተመሳጥረን ነው። ተገድጄ ነው። ተታልዬ ነው።

ታርቀን ነው የሚል የለም። ወደ ላይ ወደ ታች ፈለግኩት። እዚህ አገር ሰው ተጋጭቶ እንደሚቃቀፍ የማያውቅ ሰው አይደለም ገጹን የሠራው፤ ያውቃል። አውቆ ነው የተወው። ተመሳጥረን ብል ሁለታችንም እንወርዳለን፤ ተገድጄ ብል ፖሊስ ይጠራበታል። ሦስተኛዋን ነካኋት። ቀለል ያለችውን መርጬለት ነበር፤ እንዲያ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

«ቀድመው አመልክተዋል። ደረጃዎ ተጠብቋል። ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን። ለሌላው ወገን በአንድ ሰዓት ውስጥ እናሳውቃለን።»

አላመለከተም ነበር። ሰውየው አላመለከተም።

እዚያው ቆሜ እያለሁ የግቢው በር ተንኳኳ። ገመቹ ነው። በትከሻው የሸራ ቦርሳ ተሸክሟል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ገና ሳይገባ። «ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከአቃቂ የሚያወጣውን መንገድ ለእጅ መኪና ዘጉት። ነጂ አልባው ደግሞ መዶሻ አልጭንም አለኝ። ዛሬ ሌሊት ተነስቼ በእግሬ መጣሁ። መቼም አሳስቤሻለሁ።»

«ግባ» አልኩት።

ወጥ ቤት ተመልሼ ስልኩን አነሳሁ። መሰረዝ የሚል አለ። ነካሁት። «ማመልከቻዎን ከሰረዙ እንደ ሐሰተኛ ይቆጠራል። ሦስት ደረጃ ይወርዳሉ። ይቀጥሉ?» አዎ እና አይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል አባቴ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ግቢው ሲወጣ አየሁት፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ሌላ ሦስት ሄደ። አይ የሚለውን ነካሁ። ይሄን ማንም አላስገደደኝም። እፎይታን እረግማለሁ፣ ፈለቀችን እረግማለሁ፣ የተዘጋውን መንገድ እረግማለሁ፤ ያቺን ጣት ግን ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ስወጣ ገመቹ ሥራ ጀምሯል። የመዶሻውን ራስ ድምፅ እንዳያወጣ በቆዳ ጠቅልሎታል። አንድ እጁን ከውስጥ አስገብቶ ብረት ይደግፋል፣ በሌላው ከውጪ ቀስ እያለ ይመታል፤ ትንሽ ይመታና በመዳፉ ይዳስሳል፣ ደግሞ ይመታል። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ አፍጥጦ ያየዋል።

«ባለቤትህ እንዴት ናት?» አለው።

«ደህና ናት፣ አባቴ። አልጋው አሰልችቷታል እንጂ።»

«በሰላም ይገላግላት።»

«አሜን። እርስዎንም ልብዎን ይጠግንልዎት።»

«አሜን፣ አሜን» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። «አየሽ ስንዱ? ሰው አለ ማለት ይሄ ነው። ከአቃቂ በእግሩ!»

የገመቹ ኪስ ጮኸ። ስልኩን ቤት ትቶት አልመጣም፤ ሚስቱ ልትደውል ትችላለች። ሁለቱ እጆቹ እስከ ክርኑ በቅባትና በዝገት ጠቁረዋል።

«ባለቤቴ ትሆናለች» አለ። «እጄ ቆሽሿል፣ እህቴ። እስቲ ከኪሴ አውጪና አንብቢልኝ።»

አወጣሁት። ከማን እንደሆነ ገና ሳላየው አውቄዋለሁ። እዚያ ላይ ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻል ነበር። አባቴም እሱም አፌን አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። አነበብኩ።

«ክቡር አቶ ገመቹ ዋቅጅራ። መጋቢት አሥራ አንድ በሳሪስ አደባባይ ስለደረሰው ግጭት ሌላው ወገን ቀድሞ አመልክቷል። የተመዘገበብዎ ተጨማሪ ጥፋት፣ ማታለል። የቤተሰብዎ ደረጃ ከአራት ወደ ሰባት ወርዷል። የተያዘልዎ የማዋለጃ አልጋ ተሰርዟል። ትንሽ ሊበሳጩ ይችላሉ። ውሃ ይጠጡ።»

ገመቹ አየኝ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ይሰማል። ቢጮህ ሰባቱ ስምንት ይሆናል፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ማታለል?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ዋጋ እንደሚጠይቀው።

ምነው በሰደበኝ፤ ምነው በያዘው መዶሻ የመኪናውን መስታወት አድቅቆት በሄደ። ያን ቢያደርግ እኔም የምጣላው ሰው ይኖረኝ ነበር። ገመቹ ግን ወደ ፓራፋንጎው ዞረ፤ በመዳፉ ዳሰሰው።

«ትንሽ ቀርቷል» አለ።

እናም ጨረሰው። ሩብ ሰዓት ያህል፣ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ፣ ሳይቸኩል መታው፤ ዳሰሰው፤ መታው። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ከእፎይታ ይልቅ እሱን ጠላሁት። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ያደረግኩት ነገር ልክ ይሆን ነበር። ከዚያ መዶሻውን ከቆዳው ፈትቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ስልኩን ከእጄ በሁለት ጣቱ ተቀበለኝ፣ ለአባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ። እኔን አላየኝም።

«ስንዱ» አለ አባቴ።

«አቤት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ተራ ያስከበርኩ ሰው ነኝ። በሰው ተራ አስገባሽኝ።» ድምፁን አላሳደገም። ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ገባ፤ ላግዘው ስል እጄን ገፋው።

ሆስፒታል አልሄድም ብሎ ነበር። እፎይታ ዘንድ ራሱ ደውሎ፣ የኔ ተራ ለዚያ ልጅ ሚስት ይሁን፣ እኔ ሰባት ልግባ አላቸው። ተራ አይተላለፍም አሉት። ባዶ ብተወውስ አላቸው። ባዶ ይቀራል አሉት። ከዚያ ወዲያ ከመድኃኒቱና ከምግቡ በቀር አላናገረኝም። መንታዎቹ የት እንደተወለዱ፣ እናታቸው እንዴት እንደሆነች አላውቅም። አቃቂ ሩቅ አይደለም፤ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። አልጠየቅኩም። ዓርብ ዓርብ በሩ መኪናዬን ከላይ እስከ ታች ይቃኝና «እንከን የለም» ይለኛል።

ሚያዝያ ሃያ አምስት ጠዋት አባቴን ወደ ሆስፒታል ይዤው ወጣሁ። ሁልጊዜ ከጎኔ ነበር የሚቀመጠው፤ ያን ቀን ግን የኋላውን በር ከፍቶ እንደ ተሳፋሪ ገባ። «እንደምን አደሩ፣ ስንዱ? ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለች መኪናዬ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ተነሳች።

ሳሪስ አደባባይ ስንደርስ ከግራዬ አንድ የእጅ መኪና መጣ። አንዲት ወጣት ናት የምትነዳው፤ ፍሬን ይዛ፣ እጇን አውጥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እለፊ አለችኝ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ነው።

አለፍኩ።